ሃይድሬንጃችሁ ቅጠል ብቻ ከሆነ፣ ሳትነቅሉት ለእኚህ ጋሼ ደውሉ

ጤና ይስጥልኝ የሴንት ፖልና የአካባቢው ሐበሾች። ዛሬ የምጽፈው አንድ አትክልተኛ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው።

ከደጃችን ያለው ሃይድሬንጃ (ትልልቅ አበባ የሚያወጣው ቁጥቋጦ) ቤቱን ስንገዛ አብሮ የመጣ ነው። ቅጠሉ የሚያስቀና፣ አበባው ግን ወፍ የለም። ሣር የሚያጭድልን ድርጅት በየፎሉ “ለዊንተር ማዘጋጀት” እያለ ይከረክመዋል፣ ስፕሪንግ ሲመጣ ማዳበሪያ እየጨመረ ያስከፍለናል። በመጨረሻ “አርጅቷል፣ ነቅለን ሌላ እንትከል” ብለው ዋጋ ላኩልን። ዋጋውን ባታነሱብኝ ይሻላል። ይሄኔ ነው ቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት የጋሼን ስልክ የሰጠችኝ።

ጋሼ ኤፕሪል ላይ መጡ። ተንበርክከው፣ ከመቀስ ካመለጡት ዘንጎች አንዱን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት፤ ከሥሩ አካባቢ አረንጓዴ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ቡናማ። ቀጥለው ጫፉ ላይ ያለውን እምቡጥ በሰንጢ ለሁለት ሰነጠቁና መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። ውስጡ ጠቁሮ ደርቋል።

“አየሽ ልጄ፣ ተክሉ ደህና ነው። የሞተው አበባው ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰማያዊና ሮዝ የሚያብበው፣ ማክሮፊላ የሚባለው ዓይነት የሚቀጥለውን ዓመት አበባ የሚቋጥረው ሰመር ሲያልቅና ፎል ሲገባ ነው። ስለዚህ ፎል ላይ የከረከመው ሰው የከረከመው አበባውን ነው። ከመቀስ የተረፈውን ደግሞ የሚኒሶታ ብርድ ይጨርሰዋል፤ ሥሩ አፈር ውስጥ ሆኖ ይተርፋል፣ እምቡጡ ግን ሜዳ ላይ ነው። ማዳበሪያውም ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉን ነው የሚያፋፋው።

የእኛው ኤንድለስ ሰመር የሚባለው ነው። እዚሁ ሚኒሶታ ያለው ቤይሊ ነርሰሪ በ2004 ለገበያ ያወጣው፣ በአሮጌውም በአዲሱም ዘንግ ላይ ያብባል የተባለለት። ጋሼ ግን አሮጌው ዘንግ በብርድ ካለቀ፣ በአዲሱ ላይ የሚመጣው አበባ ጥቂትም ዘግይቶም እንደሆነ አልደበቁኝም።

አዲስ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፤ አልሸጡልኝም። ሌሎቹ ዘንጎች ቅጠል እስኪያወጡ ጠብቀው የደረቀውን ብቻ ለይተው ቆረጡ። ኖቬምበር ላይ መሬቱ ሊቆረፍድ ሲል ውኃ በደንብ አጠጥተው፣ ዙሪያውን በሽቦ አጥረው በደረቅ ቅጠል ሞሉት። በሚቀጥለው ስፕሪንግ ሽፋኑን በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ አነሱ፤ ሜይ ላይ ውርጭ ይመጣል የተባለ ለት ማታ ደግሞ ራሳቸው ደውለው “አንሶላ ጣል አድርጊበት” አሉኝ። ማን ነው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ እንዲህ የሚደውል? በዚህ ሰመር መንገደኛው ቆሞ ፎቶ የሚያነሳው ሆኗል።

አንድ ወዳጄ “የቡና አተላ ድፊበት፣ ሰማያዊ ይሆናል” ብላኝ ነበር። ጋሼ ሳቁ። ለሰማያዊነት አሲድ የሆነ አፈርና በውስጡ አሉሚኒየም ያስፈልጋል፤ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፣ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ቢሆን ነው የሚመረጠው። መጀመሪያ አፈሩን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ አስመርምሪ አሉኝ። ነጩ ዓይነት ግን ምንም ብታፈሱበት ሰማያዊ አይሆንም።

ሽፋን ምናምን አልችልም ለምትሉ፣ አናቤል ወይም ላይምላይት የሚባሉትን የሃይድሬንጃ ዓይነቶች ይተክሉላችኋል። ሁለቱም በአዲስ ዘንግ ላይ ስለሚያብቡ፣ ዊንተር ሊያልቅ ሲል ቢከረከሙ አበባቸው አይቀርም፤ ብርዱንም ይችሉታል። ለላይምላይቱ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ስጡት፣ ዊንተር ላይ ደግሞ ዙሪያውን ሽቦ፤ ጥንቸል ግንዱን ትግጠዋለች። ውሻ ያላችሁ ተክሉን እንዳይበላ ተጠንቀቁ፣ ይመርዘዋል።

ጋሼ ሣር አያጭዱም፣ ትልቅ ዛፍም አይቆርጡም። ዋጋ የሚናገሩት አይተው ነው፣ ከተናገሩት ግን ሳንቲም አይጨምሩም። ቴክስት አይመልሱም፤ ማታ ማታ ደውሉላቸው፣ ጨዋታ ስለሚወዱ ጊዜ ይዛችሁ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። ስልካቸውን ለምትፈልጉ በኢንቦክስ እልካለሁ። ኖቬምበር ላይ ስለሚጣበቡ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ተመዝገቡ። የኦክ ዛፍ ያላችሁ ደግሞ የረገፈውን ቅጠል አትጣሉት፣ ለሽፋን ይፈልጉታል።