የፖፕ አርት መግቢያ በፒትስበርግ፦ የአንዲ ዋርሆል ሙዚየም

ከፖፕ አርት፣ ማለትም ከማስታወቂያ፣ ከመጽሔትና ከዕለት ተዕለት ሸቀጦች ምስሎች ከሚነሳው የሥዕል ንቅናቄ ጋር ለመተዋወቅ የሚሻ ሰው፣ በፔንሲልቬንያ ፒትስበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተውን የአንዲ ዋርሆልን ሙዚየም ቢጎበኝ ብዙ ያተርፋል። ሕንፃው ባለ ሰባት ፎቅ ሲሆን፣ በሊፍት መጨረሻው ፎቅ ላይ ወጥቶ ወደ ታች እየወረዱ መጎብኘት የሠዓሊውን ሕይወት በዘመን ቅደም ተከተል ለመከተል ያስችላል።

ብዙዎች ወደ ታዋቂዎቹ ሥዕሎች ስለሚቻኮሉ የወጣትነት ሥራዎቹን በጨረፍታ ያልፏቸዋል፤ ለእኔ ግን የጉብኝቱ ቁልፍ እነሱ ናቸው። በ1928 በዚሁ ከተማ ከስደተኛ ቤተሰብ የተወለደው ዋርሆል፣ በ1949 ትምህርቱን ጨርሶ ኒው ዮርክ ሲገባ እንጀራው የማስታወቂያ ሥዕል ነበር። ለማስታወቂያ የሚሆነውን ጫማ በቀለም ከሣለ በኋላ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ በሌላ ወረቀት ላይ ተጭኖ ያትመውና የሚያስረክበው ዋናውን ሳይሆን ግልባጩን ነበር። በ1962 ወደ ስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለምን በተወጠረ ጨርቅ አሳልፎ ወደማተም፣ የተሻገረው ሰው፣ ገና ከጅምሩ ለሕትመት የተመቸ እጅ እንደነበረው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

የስክሪን ፕሪንት ሥራዎቹን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በፍሬም በተወጠረው ጨርቅ ላይ ቀለሙ በጎማ ሲገፋ፣ በበዛበት ምስሉ ይጠቁራል፣ ባነሰበት ይደበዝዛል፤ ቲሸርት የሚያትም ባለሙያ እንደ ብልሽት የሚጥለውን ዋርሆል ሆን ብሎ ትቶታል። ጎብኚዎች ይህን ሕትመት በእጃቸው የሚሞክሩበት ወርክሾፕ በቤዝመንቱ ውስጥ አለ። በሂሊየም የተሞሉት ብርማ ትራሶች የሚንሳፈፉበት ክፍል በአንጻሩ ለልጆች እጅግ የተመቸ ነው፤ ስለ ፖፕ አርት የሚያስረዳው ነገር ግን ጥቂት ነው።

ሁለት ነገሮች አስቀድመው ቢታወቁ ጥሩ ነው። በ1962 ሎስ አንጀለስ ላይ ለእይታ የቀረቡት የካምቤል ሾርባ ቆርቆሮዎችን የሚያሳዩት 32ቱ የዋርሆል ሸራዎች የሚገኙት እዚህ ሳይሆን ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ነው። ሁለተኛው፣ ሙዚየሙ የአንድ ሠዓሊ እንጂ የንቅናቄው ሁሉ ቤት አለመሆኑ ነው፤ ፖፕ አርት የተጠነሰሰው በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ፣ ሪቻርድ ሃሚልተንን የመሳሰሉ አርቲስቶች ከአሜሪካ መጽሔቶች በተቆረጡ ምስሎች መሥራት ሲጀምሩ ነው። በዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖሩ አንባቢዎች፣ የአራት ሰዓት ያህሉን መንገድ ከመነሳታቸው በፊት፣ መግቢያው ነጻ በሆነው ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ስብስብ ውስጥ ያለውንና ሮይ ሊክተንስታይን በ1961 ከልጆች የሥዕል መጽሐፍ ወስዶ የሠራውን የሚኪ ማውስ ሥዕል ቢያዩ፣ ዋርሆልን የሚያስተያዩበት ሌላ እጅ ይኖራቸዋል።