ለቱሉ ዲምቱው ባለሙያ ምስጋና፣ ካርትሪጅ መሙላት ላስቸገራችሁ ደግሞ ጥቆማ

ምስጋና አለብኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የፎቶ ኮፒና የፕሪንት ቤት አለችኝ። ከሰኔ ወዲህ ሥራዬን ያቃናልኝ አንድ ወጣት ባለሙያ አለ። ሳላስፈቅደው ስሙንና ስልኩን አልለጥፍም። የሚሠራበትን ቦታ ግን ከታች እነግራችኋለሁ።

ፕሪንተሬ ፈሳሽ ቀለም የምትረጭ ኢንክጄት ናት፤ አራት ካርትሪጅ፣ ማለትም የቀለም መያዣ፣ አላት። ኦሪጅናል ካርትሪጅ እየገዛሁ መሥራት ስለማያዋጣኝ፣ በቀለም የሚሞሉትን ግልጽ የፕላስቲክ ካርትሪጆች ገዛሁ። «ታንክ ያለውን ለምን አትገዢም?» የሚለኝ ብዙ ነው። እውነት ነው፣ እሱ ለመሙላት ይቀላል። ግን ያለችኝ ይቺ ናት፤ ገና ብዙ ትሠራለች።

የኔ ችግር አሞላሉ ነበር። ቀለም ባለቀ ቁጥር ካርትሪጁን አወጣለሁ። ከላይ ያለችውን ምስር የምታህል ላስቲክ ውታፍ በጥፍሬ እፈለቅቃለሁ። ከዚያ መርፌውን በቀዳዳው አስገባለሁ። መርፌው ቀዳዳውን ግጥም አድርጎ ስለሚዘጋው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል። ስገፋው ቀለሙ ተመልሶ ይረጫል። ቀዩ ቀለም ከጣቴ ላይ ሦስት ቀን አይለቅም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጠላዬ እንዳይነካ ጣቴን አጥፌ ነበር የምይዘው።

ውታፉ በየጊዜው ሲነቀል ላላ። ከላላ በኋላ ካርትሪጁ ከታች ማንጠባጠብ ጀመረ። እኔ ደግሞ ማፍሰሱን ላቁም ብዬ አናቱን በሙሉ በፕላስተር አሸግኩት። ማፍሰሱ ቆመ። በምትኩ ሌላ ጣጣ መጣ። የመጀመሪያው ገጽ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ሦስተኛው ይደበዝዛል፣ አምስተኛው ላይ ቀለም የለም። ወሩ ሰኔ ነው። የአጸደ ሕፃናት ሰርተፍኬት ታዝዤ ወላጆች በር ላይ ቆመዋል።

ማሽኗን አቅፌ ቃሊቲ ላይ ታክሲ ቀይሬ ከተማ ገባሁ። አንድ ጥገና ቤት ከፍተው እንኳ ሳያዩ «ሄዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዢ» አሉኝ። ሄድ የሚሉት ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨውን ክፍል ነው። ግማሽ ቀኔን አቃጥዬ ተመለስኩ። ሱቄ አጠገብ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት «እዚሁ ሰፈር አንድ ልጅ አለ፣ ለምን አታሳዪውም?» ያለችኝ። እሷንም እግዜር ይስጣት።

ልጁ ካርትሪጁን አውጥቶ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው።

«ማዘር፣ ይሄን ፕላስተር ማን ነው የለጠፈው?»

«እኔ ነኝ ልጄ፣ ሲያፈስብኝ።»

«ሄዱ ምንም አልሆነም። ካርትሪጁ ትንፋሽ አጥሮት ነው።»

ከዚያ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ካርትሪጁ አናት ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። አንዱ መሙያው ነው፤ እሱ ድፍን ብሎ መዘጋት አለበት። ሌላው መተንፈሻው ነው፤ እሱ ሁሌም ክፍት መሆን አለበት። ቀለም በታች በወጣ ቁጥር በመተንፈሻው አየር ይተካል። መተንፈሻው ከተዘጋ ውስጡ ቀለሙን ወደ ኋላ ስቦ ይይዘዋል። ገጹ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። መሙያው ከላላ ደግሞ ቀለሙን የሚይዘው ነገር ስለማይኖር ቁልቁል ይፈሳል። ሁለቱም በኔ ላይ በተራ ደርሰዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ ቀዳዳዎች ሥራቸው የተለያየ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ፕላስተሩን ልጦ፣ መተንፈሻው ላይ የደረቀውን ቀለም አጽድቶ ቢሰጠኝ ይበቃኝ ነበር። እሱ ግን «በየጊዜው ማውጣቱ ነው የሚጎዳው፣ ሳታወጪው የምትሞይበትን ላበጅልሽ» አለኝ።

ያበጀውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀለሙን አውጥቶ ካርትሪጆቹን አጠባቸው። የመሙያውን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ጫፍ አሰፋው። መሰርሰሪያውን በሞተር አላዞረውም። በጣቶቹ ይዞ፣ ካርትሪጁን ወደ ታች ደፍቶ፣ ቀስ እያለ ነበር የሚያዞረው። ፍቅፋቂው ወደ ውስጥ ከገባ የቀለሙን መውጫ ይደፍነዋል አለኝ። ከዚያ በሰፋው ቀዳዳ ላይ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ የሚከደንበትን ዓይነት ላስቲክ በልኩ ቆርጦ ሰካበት። ነርስ መርፌ ስትወጋበት አይታችኋል። መርፌው ሲወጣ ላስቲኩ መልሶ ይገጥማል። ውታፍ መንቀል ቀረ ማለት ነው።

አልቸኮለም። ውሃ ሞልቶ፣ ከሥሩ ነጭ ሶፍት አንጥፎ አሳደራቸው። ጠዋት ስሄድ ሶፍቱን አሳየኝ፤ አንድ ጠብታ የለበትም። ከዚያ ነው አድርቆ ቀለም የሞላው።

አሁን ስሞላ የፕሪንተሯን ክዳን እከፍታለሁ። ካርትሪጆቹ መሀል ላይ መጥተው ይቆማሉ። ላስቲኩ ላይ ሁለት መርፌ እሰካለሁ። አንዷ ባዶ ናት፣ አየር የምታስወጣ። በሌላዋ ቀለሙን በዝግታ እገፋለሁ። የካርትሪጁ ግድግዳ ግልጽ ስለሆነ ቀለሙ ከፍ ሲል በዓይኔ አየዋለሁ። እስከ አፉ አልሞላም። እንደጨረስኩ ሁለቱንም መርፌ ቶሎ እነቅላለሁ። የአየሯን መርፌ ሰክታችሁ ስልክ እንዳታነሱ። እሷ እስካለች መሙያው ክፍት ነው ማለት ስለሆነ ቀለሙ ወደ ታች ይወርዳል። ለየቀለሙ የራሱ ሲሪንጅ አለኝ፣ በላዩ ላይ ቀለሙን ጽፌበታለሁ። ጣቴ ንጹሕ ነው።

ሌላም መክሮኛል። ማሽኗ የረጨችውን እየቆጠረች ነው የምትገምተው እንጂ ውስጥ ያለውን ቀለም አታየውም። ካርትሪጁ ላይ ያለው ቺፕ ደግሞ ቆጠራውን ራሱ ወደ ሙሉ ይመልሳል። ስለዚህ «ሙሉ ነው» ብትለኝም አላምናትም፣ ግድግዳውን ነው የማየው።

የኛን ሰፈር መብራት ታውቁታላችሁ። ፕሪንት እያደረጋችሁ ከጠፋ ሄዱ ከማረፊያው ውጪ ይቀራል። ማረፊያው ላይ እንዳይደርቅ የሚሸፍነው ላስቲክ አለ። ስለዚህ መብራት እንደመጣ ማሽኑን ቶሎ አብሩት፣ ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስታጠፉም በራሱ ቁልፍ አጥፉ። እኔ ለዓመታት ማታ ማታ ከዲቫይደሩ ላይ ነበር የማጠፋው።

ለአራቱም ካርትሪጅ የጠየቀኝ 600 ብር ነው። ልጨምርልህ ብለው እንቢ አለ። አስቡት፣ ለመሙላት ብቻ በየሳምንቱ እሱ ጋ ልመላለስ እችል ነበር። እሱ ግን ራሴ እንድሞላ አድርጎ፣ እጄን ይዞ አሳይቶ ነው የላከኝ። እኔን በጣም የነካኝ ይሄ ነው።

የማይሆነውን ደግሞ አይሆንም ይላል። አንዲት ጎረቤቴ ሄዱ ከካርትሪጁ ጋር አብሮ የተሠራውን ዓይነት ወስዳለት ነበር። ቀለሙ አልቆ በባዶው ስትሠራበት ቆይታለች። ይሄኛው ዓይነት ቀለሙን በሙቀት ነው የሚረጨው፤ ቀለም ሳይኖር ሲሠራ ይቃጠላል። አይቶ «ይሄ አይመለስም፣ ገንዘብሽን አታውጪ» አላት። ሳንቲም አልተቀበላትም።

ችኩል ከሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሥራው ቀስ ያለ ነው። ቢያንስ አንድ ቀን ያሳድራል። ለኔ ይሄ ጥሩ ነገር ነው። ነገ የሚደርስ ትዕዛዝ ያለው ሰው ግን አስቀድሞ ይሂድ።

ቦታው ከታክሲ ማዞሪያው ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገቡ ከብረት በር ሠሪዎቹ ጎን ያለችው ኮንቴይነር ናት። በሯ ላይ የተጻፈው «ሞባይል ጥገና» ስለሚል እንዳታልፏት። ሰኞ አይገኝም። ስትሄዱ ካርትሪጆቹን ነቅላችሁ በፌስታል አትያዙ። እዛው ማሽኑ ውስጥ እንዳሉ፣ ሳታዘነብሉ ውሰዱለት።

ልጄ፣ ይሄን ካነበብክ፣ ሰርተፍኬቶቹ ሁሉም ደርሰዋል። እጅህ ይባረክ።