ኦቢዲ ወይስ ተጨማሪ ጌጅ? የሙቀት ጌጅ ለሌላት ቪትዝ

ከሸዋሮቢት ተነስቶ ጣርማበርን የሚወጣ ሹፌር ቀዩ የሙቀት ማስጠንቀቂያ መብራት እስኪበራ ከጠበቀ ረፍዶበታል።

ኦቢዲ ስካነር፦ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ይሰካል፤ በብሉቱዝ የሞተሩን ሙቀት ቁጥር ስልክህ ላይ ያሳያል። ዋጋው ቀለል ይላል፣ ሽቦ አይቆረጥም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ መኪኖች ግን ጭራሽ አይግባቡትም።

ተጨማሪ ጌጅ፦ የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ተቆርጦ የሴንሰር መያዣ ይገባበታል። ሁሌም ዓይንህ ሥር ነው፣ ስልክ አይፈልግም። ጣጣው ገጠማው ላይ ነው። ክላምፑ (የጎማው ማሰሪያ) በደንብ ካልጠበቀ፣ ሙቀት ልትከታተል ብለህ አዲስ የውሃ ማፍሰሻ ከፈትክ ማለት ነው።

ውሃው ካለቀ ሁለቱም ሊዋሹ ይችላሉ፤ ሴንሰሩ የሚለካው አየር ይሆናላ! ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኩላንቱን (የራዲያተሩን ውሃ) ማየት አይቀርም።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለሚውል ኦቢዲው ይበቃዋል። ዳገቱን ጭኖ ለሚመላለስ ግን እኔ ጌጁን እመርጣለሁ።