የታይፎን ቦርሳዬ፦ ቤት ዘግተን ባደርንበት ሌሊት የቱ ሰራ የቱ አልሰራም

ሰላም ናችሁ፣ የታይፎን (ከባሕር የሚመጣው ከባድ አውሎ ነፋስ) ሰሞን ስለደረሰ ጃፓን ገና የመጣችሁ ልጆች ስለ ድንገተኛ ጊዜ ቦርሳ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል እና ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ የገዛሁት ሚስማር፣ ቀለም፣ የአበባ አፈር ምናምን ከሚሸጥበት ትልቁ ሆም ሴንተር ነው፣ 12 ሺህ የን፣ ላዩ ላይ ለሁለት ሰው ለሶስት ቀን ይላል። በጥቅሉ ከአምስት ሶስት ኮከብ እሰጠዋለሁ፣ ውስጡ ካለው ግን አንዱ ዕቃ ብቻውን አምስት ኮከብ ነው።

እንድገዛ ያደረገችኝ ከቶኪዮ አጠገብ ቺባ ያለች ጓደኛዬ ናት። በፈረንጆቹ 2019 ሴፕቴምበር 9 ሊነጋጋ ሲል የገባው 15ኛው ታይፎን (እዚህ በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚጠሩት፣ የውጭ ዜና ፋክሳይ ያለው ማለት ነው) ቺባ ከተማ ላይ በሴኮንድ 57.5 ሜትር ነፈሰ፣ በሰዓት ሲሰላ ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ወደ 930 ሺህ ቤትም መብራት ጠፋበት። ነፋሱ ያንድ ሌሊት ነው፣ መብራቱ ግን አንዳንድ ሰፈር ከሁለት ሳምንት በላይ አልመጣም። ጓደኛዬ በዛ ሙቀት ያለ ፍሪጅ ያለ ማራገቢያ ሕፃን ታቅፋ ስትደውልልኝ እኔ ቤት አንድ የእጅ ባትሪ እንኳን አልነበረም። በነጋታው ሄጄ ገዛሁ።

ከወር በኋላ ኦክቶበር 12 ደግሞ 19ኛው፣ ሀጊቢስ መጣ። ባቡሩ አስቀድሞ ቆመ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ቶኪዮን ጨምሮ ለሰባት ክልሎች የመጨረሻው ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ ወጣ፣ 12 ሰዓት ከ21 ላይ ነፋሱ አልበቃ ብሎ መሬቱም ተንቀጠቀጠ፣ ልጆቼ እንዴት እንደጮሁ አልረሳውም። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ታይፎኑ ኢዙ ላይ ወደ የብስ ገባ። እኛ ብዙ ሐበሻ ባለበት የቶኪዮ ወረዳ፣ ካትሱሺካ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ግራውንድ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እናታችን የሚሆኑ ጃፓናዊት አሉ፣ ሳይጨልም እኛ ጋ አመጣናቸው፣ አምስት ሆነን አደርን።

ሶስት ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ። ውሃም አብሮ ሄደ፣ ለካ ፎቅ ላይ ውሃ የሚወጣው በፓምፕ ነው፣ ፓምፑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል፣ ይሄን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። እና አምስት ሰው፣ ከዛ ውስጥ ሁለቱ ልጆች፣ አንዷ አሮጊት፣ ሽንት ቤቱ ውሃ የለው። አምስት ኮከብ ያልኩት እዚህ ጋ ነው፦ ካንኢ ቶይሬ የሚሉት የሽንት ቤት ከረጢት። ጥቁሩን ላስቲክ መቀመጫው ላይ ታለብሱታላችሁ፣ ከተጠቀማችሁ በኋላ ዱቄቱን ትበትኑበታላችሁ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደ ጄሊ ይረጋል፣ ቋጥሮ ማስቀመጥ ነው። ሽታ የለው፣ እናታችንም ሳይሳቀቁ አደሩ፣ እኔን በጣም ያስደሰተኝ እሱ ነው። ችግሩ ቦርሳው ውስጥ ያለው አምስት ፍሬ ብቻ ነው! አንድ ሰው በቀን አምስት ጊዜ ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ ለሳምንት 35፣ አራት ቤተሰብ ከሆናችሁ 140 ማለት ነው። ለሁለት ሰው ለሶስት ቀን ብሎ አምስት ፍሬ መክተት ልክ አይደለም። ባለቤቴ 50 ፍሬ ያለው ካርቶን ለብቻው ባይገዛ ኖሮ ሌሊቱ ሌላ ሌሊት ይሆን ነበር።

ራዲዮው በእጅ እየተዘወረ ቻርጅ የሚሆን ነው፣ ለመስማት ጥሩ ነው አራት ኮከብ፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል የሚለውን ግን አትመኑ፣ እጄ እስኪዝል ዘውሬ ምንም አልጨመረም፣ ፓወር ባንክ ሞልታችሁ አስቀምጡ። የእጅ ባትሪው ደካማ ነው፣ በግንባር የሚታሰረውን ግዙ፣ ልጅ ታቅፎ እጅ የሚተርፈው ማን አለ። ውሃው ለሰው በቀን 3 ሊትር ነው የሚባለው፣ ቦርሳው ያለው ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን አይሆንም። እኛ ባኞውን ሞልተን ነበር፣ ትንሽ ልጅ ካላችሁ ግን በሩን ቆልፉት እባካችሁ።

ብስኩቱን ልጆቹ አልበሉትም። እኔ አሁን አውጥቼ በሶና ቆሎ ነው የከተትኩበት፣ በሶ እሳት አይፈልግ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው፣ ከሱ የተሻለ የድንገተኛ ጊዜ ምግብ አላየሁም።

ስኮቹ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከ19ኛው በፊት ሰው ሁሉ መስኮት ላይ ሊለጥፍ ተሻምቶ ቶኪዮ ውስጥ ሰፊ ስኮች ጠፍቶ ነበር። ስኮች ግን መስታወቱን አያጠነክረውም፣ ሲሰበር እንዳይበታተን ትንሽ ይይዘዋል እንጂ። ከሱ ይልቅ በረንዳ ላይ ያለውን የልብስ ማስጫ ዘንግና የአበባ ማሰሮ ወደ ቤት አስገቡ፣ መስታወት የሚሰብረው ተወርውሮ የሚመጣ ዕቃ ነው፣ ከዛ መጋረጃ ዘግታችሁ ከመስኮት ርቃችሁ ተኙ።

ግን ቦርሳ ከመግዛታችሁ በፊት የቀበሌውን የጎርፍ ካርታ እዩ፣ ከልቤ ነው የምለምናችሁ። በፈረንጆቹ 2018 ካትሱሺካን ጨምሮ አምስቱ የምስራቅ ቶኪዮ ወረዳዎች አንድ ላይ አውጥተውታል፣ ቤታችሁ ስንት ሜትር ውሃ እንደሚተኛበት በቀለም ያሳያል፣ ውሃው ከሁለት ሳምንት በላይ የማይወርድበት ቦታም አለ። ግራውንድ ወይ ሁለተኛ ፎቅ ከሆናችሁ የትኛውም ቦርሳ አያድናችሁም፣ ቀድሞ መውጣት ነው። ደግሞ ዝናቡ አባራ ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ቶኪዮን የሚያቋርጠው አራካዋ ወንዝ ኢዋቡቺ የሚባለው መለኪያ ቦታ ላይ 7 ሜትር ከ17 የደረሰው በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነው፣ አደገኛ የሚባለው 7.7 ነው፣ ግማሽ ሜትር ነበር የቀረው። እኛ ልብስ ልናሰጣ በረንዳ ወጥተን ነበር በዛ ሰዓት።

አሁን ቦርሳው በሩ አጠገብ ነው። በየዓመቱ ሴፕቴምበር 1፣ እዚህ አገር የአደጋ መከላከያ ቀን ስለሆነ፣ ዘርግፈን ጊዜው ያለፈበትን እንቀይራለን። ከሁሉም ቶሎ የሚያረጀው ለተሰበረ መስታወት ብዬ የከተትኩት የልጆቹ ጫማ ነው፣ ዘንድሮ የትንሿ እግር ውስጥ አልገባ ብሎ ሁለት ቁጥር ጨምሬ ገዛሁ።