መርካቶ ካልሲና ስቶኪንግ በጅምላ ለምትገዙ፦ ከመጋዘን የመጣ ካርቶን ሳይከፈት ገንዘብ አትላኩ

ሦስቱ ካርቶኖች አሁንም ከፊቴ ናቸው። ሁለቱ ካልሲ፣ አንዱ ስቶኪንግ። የከፈልኩት ረቡዕ ቀን፣ የከፈትኳቸው ረቡዕ ማታ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ንዴቴ አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም። 54,000 ብር ለማይሸጥ ዕቃ ከፍያለሁ።

ገንዘቡ የዕቁብ ነው። 40 ሰዎች ሆነን በሳምንት 1,500 ብር እንጥላለን፤ በ11ኛው ሳምንት ዕጣው ለእኔ ወጣ። 60,000 ብር በአንድ ጊዜ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ካልሲ የመረጥኩት ሳላስብበት አይደለም። በትንሽ ገንዘብ ይጀመራል፣ ቦታ አይፈጅም፣ እንደ ጫማ ቁጥሩ አያስቸግርም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ቀናት ቀርተዋል፤ ነጭና ጥቁር የተማሪ ካልሲ በጳጉሜንና በመስከረም እንደ ደብተር ነው የሚፈለገው። አገራችን ደግሞ ጫማ የሚወለቅበት አገር ነው፤ ሰው ካልሲው መቀደዱ ትዝ የሚለው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደጃፍ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ነው። ስቶኪንጉን ለቢሮ ሴቶችና ለጥር ሠርግ ሚዜዎች አሰብኩት። ሰፈራችን ያለች ፀጉር ቤት ግማሽ መደርደሪያ በወር 5,000 ብር ልታከራየኝ ተስማማች፤ የመጀመሪያውን ወር ቀድሜ ከፈልኩ። ከዚያ መርካቶ ወረድኩ።

እንደዚህ ዓይነቱን ነጋዴ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ግቢ የኔ ልጅ» ብሎ ወንበር ያስጠርጋል። «ለሌላ ሰው በዚህ ዋጋ አልሰጥም፣ አንቺ ጀማሪ ስለሆንሽ ነው» ይላል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ «ዶላሩ ጨምሯል፣ ነገ ዋጋው ሌላ ነው» ማለት የሁሉም የዘወትር ቃል ሆኗል። እኔም ሰምቼው የማላውቀው ነገር አልነበረም። ሰው ነግሮኛል፣ እናቴ ነግራኛለች። ግን ሰውየው አባቴን የሚያህል፣ ረጋ ያለ፣ «ጋሼ» ብዬ የጠራሁት ሰው ነው።

ናሙናውን ያሳየኝ ራሱ ነው። ከመደርደሪያው አንድ ደርዘን ካልሲ አወረደ፣ ላስቲኩን በሁለት አውራ ጣቶቹ ወጥሮ ለቀቀው፤ ጥብቅ ብሎ ተመለሰ። ቀጥሎ ስቶኪንጉን ከከረጢቱ አወጣ፣ ጡጫውን ከትቶ እስከ ክርኑ ሳበው፣ የጣቱን ቀለበት ሳይቀር አሸበት። አንዲት ክር አልተተረተረችም። «የቱርክ ነው፣ 40 ነው» አለኝ። 40 ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እንዳላወቅሁ እንዳያውቅብኝ ፈራሁ። አሁን አውቄዋለሁ። ዴኒየር የሚባለው የክር መለኪያ ነው፤ 9,000 ሜትር ክር በግራም ስንት እንደሚመዝን የሚናገር ቁጥር ነው። 40 ሲሆን ጠንከር ይላል፣ 15 ሲሆን ጥፍር ሲነካው ይሄዳል። ናሙናው በእርግጥም ወፍራም ነበር። እዚህ ላይ አልዋሸኝም።

ካልሲውን 60 ደርዘን በ540 ብር፣ ስቶኪንጉን 20 ደርዘን በ1,080 ብር ተስማማን። ልጁ ሦስቱን ካርቶኖች ከመጋዘን ተሸክሞ አምጥቶ እግሬ ሥር ደረደረ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የነሐሴ ዝናብ ሊወርድ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። የላይኛው ካርቶን የታሸገው በሁለት ዓይነት ፕላስተር ነበር። ከሥር ነጩ አለ፤ በቢላ ተሰንጥቋል። ከላዩ ቡናማው ተለጥፎበታል። አየሁት። ዓይኔ አርፎበታል። «ይከፈትልኝ» ልል አፌን ስከፍት ሰውየው ሻዩን እያማሰለ አቀበለኝ። «የኔ ልጅ፣ ዝናቡ መጣ። አሁን ከፍተን ቢበሰብስብሽ የሚጎዳው የአንቺ ዕቃ ነው። እኔ የትም አልሄድ፤ አንድ ጥንድ ጎደሎ ካገኘሽ ነይና ፊቴ ላይ ወርውሪው» አለ። ይህን ሲል መዳፉን ካርቶኑ ላይ አሳርፎ ነበር። አሁን ሳስበው መዳፉ ያረፈው በተሰነጠቀው ፕላስተር ላይ ነው።

ይሉኝታ ያዘኝ። ሻዩን እየጠጣሁ «አላምንህም» ማለት ነውር መሰለኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ከነደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይደመርበታል፤ 8,100 ብር ለምን ታወጫለሽ?» አለኝ። እሺ አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ገንዘቡን ላክሁ። የሒሳቡ ባለቤት ሆኖ የመጣልኝ ስም የሱቁም የሰውየውም አልነበረም፤ ይህንንም አየሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ዓይኔ ያየውን አፌ ሳይናገር ዝም አልኩ። ከሰውየው ተንኮል ይልቅ ይህ ዝምታዬ ነው የሚያንገበግበኝ።

ማታ ከልጄ ጋር ከፈትነው። የመጀመሪያው ረድፍ ደኅና ነው፤ በየካልሲው ካርቶን 6 ደርዘን፣ ልክ እንደ ናሙናው። ልጄ ከሁለተኛው ረድፍ አንዱን ለትምህርት ቤት ብላ እግሯ ላይ ሳበችው። ላስቲኩ እንደ ደረቀ ሣር ተንጣጣ። ሲለቀቅ አልተመለሰም፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተከምሮ ቀረ። የላስቲክ ክር ዕድሜና ሙቀት ሲበዛበት ይሞታል፤ ይህ ካልሲ ቆርቆሮ ሥር ስንት ዓመት ተኝቶ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ማሰሪያ ወረቀቱ ግን ትናንት የታተመ ይመስላል። 48 ደርዘኑ እንዲሁ ነው። ስንቆጥረው ደግሞ ከ48ቱ እሽጎች በ31ዱ ውስጥ ያገኘነው 12 ሳይሆን 10 ጥንድ ነው። ስቶኪንጉ ከላይ ካሉት 2 ደርዘኖች በቀር ከረጢቱ «40» ይላል፣ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ነው፤ ከከረጢቱ ስናወጣው ተተርትሮ የጠበቀንም አለ። ልጄ «እማዬ፣ እኛ እንለብሰዋለን» አለችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ረቡዕ ዕለት «እርስዎ እዚህ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ያቀረበልኝ ልጅ «አንቺ፣ መንገድ አትዝጊ» አለኝ። በአንድ ሌሊት ከእርስዎ ወደ አንቺ ወረድኩ። ሰውየው ካልሲውን አላየውም፣ እኔንም አላየኝም፤ ሒሳቡን እየጻፈ ነው የመለሰልኝ። «ካርቶኑን ማን ከፈተው?» አለ። «እኔ» አልኩ። «እንግዲያው ውስጡን ማን እንደቀየረው እኔ በምን አውቃለሁ?» ፊቴ ላይ ወርውሪው ያለኝን አስታወስኩት። ልጆቹ ሳቁ። አንደኛው የያዝኩትን ካልሲ ከእጄ ወስዶ የማሳያውን መስታወት አቧራ ጠረገበት፤ ሲጨርስ መልሶ ሰጠኝ።

ዘወር ስል እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ሻይ ቀርቦላታል። ሰውየው ጡጫውን ስቶኪንግ ውስጥ ከቶ ያሳያታል። ልነግራት ነበረብኝ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ሳልነግራት ወጣሁ። ይህ ጽሁፍ ለእሷ ነው፤ ካልደረሰላት ለምትከተላት።

ከዚያው ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ጥሩ ሰው ናት፤ አስቀምጣ አስረዳችኝ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የገዛውን ነው፤ መልሶ ለመሸጥ የገዛ ሰው በትርጉሙ ውስጥ አይገባም። እኔ ራሴን ሸማች ነኝ ብዬ ነበር የሄድኩት። እንደ ነጋዴ በፍርድ ቤት ልክሰስ ብል ደግሞ ከእሱ መግዛቴን የሚያሳይ ደረሰኝ የለኝም፤ ያለኝ ለማላውቀው ሰው ገንዘብ መላኬን የሚያሳይ የስልክ መልእክት ነው። 8,100 ብር ላድን ብዬ መከራከሪያዬን ሸጥኩ።

ለምትጀምሩ የምለው ጥቂት ነው። ካርቶኑን እዚያው አስከፍቱ፤ ዝናብ ቢመጣ ተጠልላችሁ ጠብቁ። ከታችኛው ረድፍ ራሳችሁ አውጡ፣ ላስቲኩን ስባችሁ ልቀቁት፣ እሽጉን ፈታችሁ ቁጠሩ። የደረሰኙን 15 በመቶ ክፈሉ። ሻዩን አትጠጡ።

ከመርካቶ እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ፕላስተር ካርቶን ገዝቶ የወጣ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። የአንድ ሰው ቃል ብቻውን አይበቃም ተብያለሁ፤ ብዙ ከሆንን አብረን አቤት እንላለን። እኔ ለዕቁቡ ገና የ29 ሳምንት ዕዳ አለብኝ፤ ቀጣዩ 1,500 ብር የሚከፈለው እሑድ ነው።