ከሱፍ እስከ ክርከማ፦ በእጅ ስለተቋጠረ የቲቤት ምንጣፍ የቀረበ ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በኔፓል፣ በካትማንዱ ሸለቆ ውስጥ በቲቤት የአቋጣጠር ስልት በእጅ የተሠራ፣ ወርዱ 1.70 ሜትር፣ ርዝመቱ 2.40 ሜትር የሆነ የሱፍ ምንጣፍ ነው። መደቡ ጥልቅ ሰማያዊ ሲሆን በዳርቻው ዙሪያ የደመና ቅርጽ ያለው ነጣ ያለ ሐረግ ተስሎበታል። ነጋዴዎች ስለዚህ ዓይነት ምንጣፍ ሲናገሩ አስቀድመው የሚጠሩት በአንድ ካሬ ኢንች ውስጥ ያለውን የቋጠሮ ቁጥር ነው፤ ገዢውም ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዕቃው የተሻለ እንደሆነ አድርጎ ይቀበለዋል። እኔ ግን ምንጣፉን ገልብጬ ጀርባውን ከመረመርሁ፣ በየዕለቱም ከተራመድሁበት በኋላ የደረስሁበት ፍርድ ከዚህ የተለየ ነው። የቲቤትን ምንጣፍ ታላቅ የሚያደርገው በመጀመሪያ ሱፉ፣ በመጨረሻም እጥበቱና ክርከማው ነው፤ የቋጠሮው ቁጥር ከእነዚህ ቀጥሎ የሚታይ ጉዳይ ነው።

ሱፉ የሚገኘው በቲቤት ከፍተኛ አምባ፣ በተለይም ቻንግታንግ ተብሎ በሚጠራው ሰፊ የግጦሽ ምድር ከሚረቡ በጎች ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በብርድና በነፋስ መካከል የሚኖሩት እነዚህ በጎች የሚያበቅሉት ጠጉር ረጅም፣ ጠንካራና ላኖሊን በሚባለው የተፈጥሮ ቅባት የበለጸገ ነው። እያንዳንዱ ባሕርይ በምንጣፉ ላይ የሚታይ ውጤት አለው። ጠጉሩ ረጅም በመሆኑ ከፈትሉ ውስጥ ተነቅሎ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ ጠንካራ በመሆኑ ተረግጦ ሲተኛ ተመልሶ ይቆማል፤ ቅባቱ ደግሞ የፈሰሰ ውሃ ወዲያውኑ እንዳይሰርግና አቧራም ሥር ድረስ ዘልቆ እንዳይጣበቅ ያግዛል። እኔ ዘንድ ከባድ ጠረጴዛ ለረጅም ጊዜ ቆሞበት የነበረው የምንጣፉ ክፍል እግሮቹ ያረፉበትን ጉድጓድ ይዞ አልቀረም፤ ውሃ ረጨት ተደርጎበት በእጅ ሲታሽ ፀጉሩ ተነሥቶ ከቀሪው ጋር ተስተካክሏል። አንድ ርካሽ ምንጣፍ ይህን ማድረግ አይችልም።

በኔፓል የሚሠሩት ምንጣፎች ሁሉ ግን ከቲቤት ሱፍ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። አብዛኞቹ የሽመና ቤቶች የቲቤቱን ሱፍ ከኒውዚላንድ ከሚመጣው ነጭና ለስላሳ ሱፍ ጋር ይቀላቅላሉ። ቅልቅሉ በራሱ ነውር አይደለም፤ ለፈዛዛ ቀለማት ነጭ ሱፍ ያስፈልጋል፣ ለስላሳነትም የሚወድ ገዢ ብዙ ነው። ቢሆንም የኒውዚላንዱ ድርሻ እየበዛ በሄደ ቁጥር ያ ልዩ የሆነው ጥንካሬና ተፈጥሯዊ ወዝ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ገዢው ስለ ቋጠሮው ቁጥር ከመጠየቁ በፊት ስለ ሱፉ ድርሻ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

የተሸለተው ሱፍ ወደ ፈትልነት የሚለወጠው በዝግታ ነው። አስቀድሞ በእጅ ተለቅሞ ጉድፉና እሾሁ ይወጣለታል፤ ከዚያም ቅባቱን ሙልጭ አድርጎ እንዳያወጣበት በጥንቃቄ ይታጠባል፤ ሲደርቅም ቀጫጭን የሽቦ ጥርስ በተተከለባቸው ሁለት ሰሌዳዎች መካከል እየተሳበ ይባዘታል። ባዘቶው በእንጨት መዘውር ላይ በእጅ ሲፈተል የሚወጣው ፈትል አንድ ወጥ ውፍረት አይኖረውም፤ እዚህ ጋር ወፈር፣ እዚያ ጋር ቀጠን ይላል። ፋብሪካ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። በቲቤት ምንጣፍ ላይ ግን የውበቱ ምንጭ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ውፍረቱ የተለያየ ፈትል ቀለምን እኩል አይጠጣም፤ እኩል ባለመጠጣቱም አንድ ቀለም የተባለው መደብ በቅርብ ሲታይ እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡ ብዙ ቀለማት ሆኖ ይገኛል። እኔ የማየው ሰማያዊ መደብ በጠዋት ብርሃን ከመስኮቱ አጠገብ ስመለከተው ከጥቁር ሰማያዊ እስከ ዝናብ ያዘለ ሰማይ የሚመስል ግራጫማ ሰማያዊ የሚደርሱ ሥሥ አግድም ጥላዎች ይታዩበታል። በመኪና የተፈተለ ሱፍ ይህን ሕይወት አይሰጥም።

በጥንቱ የቲቤት አሠራር ቀለሙ ከዕፅዋት ይወጣ ነበር። ቀዩ ማደር ከሚባለው ተክል ሥር፣ ቢጫው ከሩባርብ፣ ቡናማው ከዋልነት ፍሬ ልጣጭ ይዘጋጅ ነበር፤ ሰማያዊው ኢንዲጎ ደግሞ ከሕንድ በንግድ ይመጣ ነበር። ዛሬ በኔፓል በስፋት የሚሠራበት በፋብሪካ የተቀመመ ማቅለሚያ ነው፤ ጥሩው ማቅለሚያ ብርሃንንም እጥበትንም በሚገባ ስለሚቋቋም ይህን በመጥፎነት አልቆጥረውም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ የነከራው ሥርዓት ነው፤ ፈትሉ በትልቅ ጋን ወይም በርሜል ውስጥ በቂ ሰዓት ሳይፈላ ከወጣ፣ ትርፉ ቀለምም በደንብ ካልታጠበለት፣ ምንጣፉ በመጀመሪያው እርጥበት ቀለሙን ይለቃል። የእኔን ምንጣፍ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዤ ሰማያዊው ላይ አጥብቄ አሽቼው ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ወጥቷል፤ ማንኛውም ገዢ ከመክፈሉ በፊት ይህን ፈተና ቢያደርግ መልካም ነው።

ወደ ሽመናው ስንመጣ የቲቤት ምንጣፍ ከፋርሱም ሆነ ከቱርኩ የሚለይበት ዋና ነገር ይገኛል። የፋርስ ሸማኔ እያንዳንዱን ቋጠሮ ለየብቻ ቋጥሮ በቢላ ይቆርጠዋል። የቲቤቱ ሸማኔ ግን በቁመት በቆመው የሽመና ዕቃ ላይ በተወጠረው ድር ፊት ለፊት አንድ ረጅም የብረት ዘንግ አግድም ያስቀምጣል፤ ፈትሉን በሁለት የድር ክሮች ዙሪያ ካዞረ በኋላ ሳይቆርጥ በዘንጉ ላይ ይጠመጥመዋል፤ ወዲያው ወደሚቀጥሉት ሁለት የድር ክሮች ያልፋል። ቀለም መለወጥ ሲኖርበት ብቻ ፈትሉን ቆርጦ ሌላ ያነሣል። ረድፉ ከዳር እስከ ዳር ሲሞላ ዘንጉ በፈትል ቀለበቶች ተሸፍኖ ይታያል፤ ሸማኔው በእንጨት መዶሻ ዘንጉን ወደ ታች እየመታ ረድፉን ካጠበቀ በኋላ በዘንጉ ርዝመት ላይ ስለታም ቢላ ሲያስኬድ ቀለበቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ዘንጉ ነጻ ይወጣል፤ የተቆረጡት ጫፎችም የምንጣፉ ፀጉር ይሆናሉ። ከዚያ ማጉ ይገባል፤ በማበጠሪያም ይመታል፤ ዘንጉም ለሚቀጥለው ረድፍ ተመልሶ ይቀመጣል። የፀጉሩን ቁመት የሚወስነው የዘንጉ ውፍረት ነው። በትልልቅ ምንጣፎች ላይ በርካታ ሸማኔዎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ንድፉ በካሬ በካሬ የተሳለበትን ወረቀት ፊታቸው ሰቅለው ያንኑ ረድፍ ተካፍለው ይሠራሉ፤ የአንዱ እጅ ከጠበቀና የሌላው ከላላ ረድፉ ስለሚዛባ እጃቸው መስማማት አለበት።

ይህ ስልት በምንጣፉ ገጽ ላይ ምልክት ይተዋል። ፀጉሩን በጣት ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጎ ለተመለከተው፣ ረድፎቹ ዘንጉ ያለፈበትን መስመር ተከትለው እንደ ስስ ትልም ተሰልፈው ይታያሉ። በእኔ ምንጣፍ ላይ ትልሙ በግልጽ የሚዳሰስ ሲሆን፣ የቲቤት ስልት ነው ተብሎ ለሚሸጥ ዕቃ ጥሩ ማረጋገጫ ነው። በቀድሞ ጊዜ ድሩም ማጉም ሱፍ ነበር፤ ዛሬ ድሩ በአብዛኛው ጥጥ ነው፤ ጥጡ ብዙም ስለማይለጠጥ ምንጣፉ ቅርጹን እንዲጠብቅ ይረዳዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። የእኔ ምንጣፍ በካሬ ኢንች 100 ቋጠሮ በሚባለው ዓይነት የተሠራ ነው፤ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 155,000 ቋጠሮ፣ በጠቅላላው ምንጣፍ ከ630,000 የሚበልጥ ቋጠሮ ማለት ነው። ገበያው በብዛት የሚያውቀው ሌላው ዓይነት 60 ቋጠሮ ነው። ለደመናው ሐረግ ቀጭን ኩርባ 100 ቋጠሮ አስፈላጊ ነበር፤ በ60 ቢሠራ ኩርባው ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይሰበር ነበር። ይሁን እንጂ ንድፉ ሰፋፊ መደብ ወይም ቀጥተኛ መስመር ብቻ ከሆነ፣ 60 ቋጠሮ በወፍራም የቲቤት ሱፍ ተሠርቶ ከእግር በታች የሚሰጠው ሙላት በእኔ ግምት ከ100ው ይበልጣል። የጥንቶቹ መቀመጫና መኝታ ምንጣፎች፣ ካደን የሚባሉት፣ ለዘመናት ሰውን ከብርድ የጠበቁት በቋጠሮ ብዛት ሳይሆን በሱፍ ብዛት ነው።

ሥራው ወደ ካትማንዱ ሸለቆ የመጣበት ታሪክም ስለ ዕቃው ብዙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1959 በርካታ ቲቤታውያን አገራቸውን ጥለው ሲሰደዱ ሽመናውን ይዘውት ተሰደዱ፤ በሸለቆው ውስጥ ባለችው በፓታን ከተማ አጠገብ በጃዋላኬል በ1960 የተቋቋመው የእጅ ሥራ ማዕከል በቀይ መስቀልና በስዊዘርላንድ ድጋፍ ለስደተኞቹ መተዳደሪያ እንዲሆን የተመሠረተ ነበር። ከዚያ ኢንዱስትሪው አድጎ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለኔፓል ዋነኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ከሚባሉት አንዱ ሆነ፤ ትልቁ ገዢም ጀርመን ነበር። ዕድገቱ ጥላም ነበረው፤ ሕፃናት በሽመና ዕቃ ፊት መቀመጣቸው ሲታወቅ፣ በ1994 በሕንዳዊው የሕፃናት መብት ተሟጋች በካይላሽ ሳትያርቲ መሪነት፣ ምንጣፉ ያለ ሕፃናት ጉልበት መሠራቱን የሚያመለክት ራግማርክ የተባለ ምልክት ተጀመረ፤ ዛሬ ጉድዊቭ በሚል ስም ይታወቃል። በእኔ ምንጣፍ ጀርባ ይህ ምልክት ከነመለያ ቁጥሩ ተሰፍቶበታል፤ የሌለውን ምንጣፍ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለማንም አልመክርም።

ከሽመና ዕቃው የወረደ ምንጣፍ ገና አላለቀም፤ እንዲያውም ብዙ ጥሩ ሽመና የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ገጹ ገና ደብዛዛና ያልተስተካከለ በመሆኑ በመጀመሪያ በመቀስ እኩል ይከረከማል። ቀጥሎ ቀራጩ በጠፍጣፋ መቀስ የንድፉን ጠርዝ ተከትሎ ሥሥ ቦይ እያወጣ ቅርጹን ከመደቡ ይለየዋል። ይህ ሥራ የሚታረም አይደለም፤ መቀሱ አንድ ጊዜ በጥልቀት ከገባ ጉድጓዱ ለዘለዓለም ይቀራል። በእኔ ምንጣፍ ላይ የደመናዎቹ ጠርዝ በሦስቱ ማዕዘኖች እጅግ ንጹሕ ሆኖ ተቀርጿል፤ በአራተኛው ግን ቀራጩ ሳይቸኩል አልቀረም፤ ቦዩ ሰፍቶ የደመናው ጅራት ሳስቷል። ስለዚህ ነገር ለሸጠልኝ ድርጅት ስጽፍ የተሰጠኝ መልስ «የእጅ ሥራ ባሕርይ ነው» የሚል ነበር። የፈትል አለመመሳሰል የእጅ ሥራ ባሕርይ ነው፤ የተቀደደ ጠርዝ ግን የጥራት ቁጥጥር ጉድለት ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ለባለሙያው እጅ ክብር መንፈግ ይመስለኛል።

እጥበቱ በሰፊ የሲሚንቶ ወለል ላይ ይካሄዳል። ምንጣፉ በውሃና በማጠቢያ ኬሚካል እየራሰ፣ ሠራተኞች በእንጨት መቅዘፊያ መሰል መግፊያ ውሃውን ከሥሩ እየገፉ ያስወጡታል፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስም ይደጋግሙታል። የሱፉ ብርሃን የሚወጣው እዚህ ነው። ግን ኬሚካሉ ሲበዛ ብርሃኑን የሚያመጣው የሱፉን ቅባት በልቶ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት እንደ ሐር ያበራ ምንጣፍ በኋላ ደርቆ ይሰባበራል። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ከልክ በላይ የሚያብለጨልጭ የሱፍ ምንጣፍ ሲገጥመኝ እጠረጥራለሁ። የእኔው የሚያሳየው የተረጋጋ ወዝ ነው፤ ፀጉሩ በጣት ሲታሽም ሥሥ ቅባትነቱ ይሰማል። ከእጥበቱ በኋላ በፀሐይ ይደርቃል፣ ማዕዘኖቹ ቀጥ እንዲሉ ተወጥሮ ይቸነከራል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ይከረከማል፣ ዳርና ዳሩም በሱፍ ፈትል ይጠመጠማል። በክረምቱ ዝናብ ወራት ማድረቁ ስለሚጓተት፣ ችኮላ የነበረበት ምንጣፍ ጠርዙ ይጠቀለላል። የእኔ ምንጣፍ በሁለቱ ጫፎች ወርዱ 2 ሴንቲሜትር ያህል ይለያያል፤ ለእጅ ሽመና ይህ የሚያስቀይም ልዩነት አይደለም፤ ወለሉም ላይ ቀጥ ብሎ ይተኛል።

በአጠቃቀም ረገድ አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ምንጣፉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብናኝ ሱፍ ይጥላል፤ ይህም ከክርከማው በፀጉሩ ውስጥ የቀረው ትርፍ ነው፤ እየቀነሰ ይሄዳል። የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ፀጉሩን ስለሚነቅል መወገድ አለበት፤ ያለ ብሩሽ፣ በፀጉሩ አቅጣጫ መሳብ ይበቃዋል።

ገዢ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ማታለያዎች አሉ። አንደኛው በመርፌ መሣሪያ ጨርቅ ላይ የተወጋውን ምንጣፍ በእጅ የተቋጠረ ብሎ መሸጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ምንጣፍ ጀርባው በሙጫ ተለብጦ በጨርቅ የተሸፈነ ሲሆን፣ የተቋጠረው ግን ንድፉን በጀርባውም ቋጠሮ በቋጠሮ ያሳያል። ሁለተኛው ቪስኮስን፣ ማለትም ከእንጨት የሚሠራውን ሰው ሠራሽ ክር፣ ሐር ብሎ መሸጥ ነው። ከዳር የተነቀለ ክር ሲቃጠል ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፤ ቪስኮስ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ቪስኮስ ውሃ ሲነካው ፀጉሩ ተጨማድዶ ስለሚቀር፣ ምግብ በሚበላበት ክፍል የሚነጠፍ ምንጣፍ ለሚፈልግ ሰው የቪስኮስ ጌጥ የገባበትን ትቶ ሱፍ ብቻ የሆነውን እንዲመርጥ እመክራለሁ። የእኔው ሱፍ ብቻ ነው፤ ከተበላሸው የአራተኛው ማዕዘን ክርከማ በስተቀር የተከፈለበትን ዋጋ የሚያወጣ ሥራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።