ሸክላ ለመቅዳት፦ ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤልፒ120ኤክስ ዩኤስቢ

የኢትዮጵያ ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አሳትሟል። ሌሎቹ አሳታሚዎች ካይፋና ፊሊፕስ ያወጧቸው ሲጨመሩበት ቁጥሩ ገና ይበዛል፤ ከእነዚህ መካከል በሲዲም በኢንተርኔትም የማይገኙ ዘፈኖች ዛሬም አሉ። እንዲህ ያለ ሸክላ በእጁ ያለ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሸክላውን የማይበላ ማጫወቻ ነው። ኤልፒ120ኤክስ ይህን ያሟላል። በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች መርፌያቸው ብዙውን ጊዜ 5 ግራም ያህል ይጫናል፤ ማስተካከያም የላቸውም። ይህኛው በ2 ግራም ይሠራል፤ ሞተሩም ሳህኑን ያለ ቀበቶ በቀጥታ ስለሚያዞረው ፍጥነቱ አይዋዥቅም። የኤሌክትሪክ አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከአሜሪካ የመጣውም አዲስ አበባ ላይ ያለ ትራንስፎርመር ይነሳል፤ የሶኬቱን ጫፍ መለወጥ ብቻ ነው።

ከካርቶኑ እንደወጣ ግን አይጫወትም። የክንዱ ሚዛን በእጅ ይስተካከላል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፀረ-ስበቱን (ክንዱ ወደ ሸክላው መሐል እንዳይሳብ የሚያደርገውን «አንቲ-ስኬት» የተባለ ማስተካከያ) 0 ላይ አድርጉ፣ የመርፌውን ክዳን አውልቁ፣ ከዚያ ክንዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አየር ላይ እስኪቆም ከኋላ ያለውን ክብደት አዙሩ። ክብደቱን ሳታንቀሳቅሱ ቁጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ 0 ላይ አምጡት። ቀጥሎ ሁለቱን አንድ ላይ እስከ 2 አዙሩ፣ ፀረ-ስበቱንም 2 አድርጉ። «መርፌው ሸክላውን እንዳይጎዳ» ብሎ ወደ 1.5 ማቅለል የተገላቢጦሹን ያመጣል፤ የቀለለ መርፌ ድምፁ በተቀረጸበት ቦይ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይገጫል።

አብሮት የሚመጣው ቪኤም95ኢ መርፌ ጥሩ ነው፤ ለተበላ ሸክላ ግን አይበቃም። የሸክላው መሐል ሲቃረብ በአንድ ዙር የሚሸፈነው ርቀት ስለሚያጥር ድምፁ በጠባብ ቦታ ይታጨቃል። በዘፈኑ መጨረሻ ሳክስፎኑና የዘፋኙ «ስ» የሚንሻጠጡት ለዚህ ነው። ለኤምፕሊፋየርና ለሳውንድ ካርድ የታሰበ ገንዘብ ካለ ቪኤምኤን95ኤምኤል ለተባለው መርፌ ይዋል። እዚያው ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ራስ) ላይ በእጅ ተስቦ ይገባል፣ ጫፉም ቀጭን ስለሆነ አሮጌዎቹ መርፌዎች ያልነኩትን የቦዩን ክፍል ያነባል። ባለ 78 ዙር ሸክላ ያለው ደግሞ ወፍራም ጫፍ ያለውን ቪኤምኤን95ኤስፒ ይግዛ፣ ጭነቱንም 5 ግራም ያድርግ። ባለ 78ቹን አልኮል ፈጽሞ አይንካቸው፤ ያሟሟቸዋል። ባለ 45ቹና ባለ 33ቹ በተጣራ ውሃ፣ ጥቂት ኢሶፕሮፒል አልኮልና አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይጸዳሉ። መሐሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዳይረጥብ፣ ጨርቁም በቦዩ አቅጣጫ እንዲሄድ ጥንቃቄ ይደረግ። ሳይታጠብ የተቀዳን ሸክላ የትኛውም ሶፍትዌር አያድነውም።

ለመቅዳት ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በቂ ነው። ዊንዶውስ ማጫወቻውን እንደ ማይክሮፎን ስለሚያየው ሁለት ቻናልና 44,100 ኸርዝ መመረጡን አረጋግጡ፤ «የድምፅ ማሻሻያ» የሚባለውንም አጥፉ። የዩኤስቢው አቅም 16 ቢት ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያነሱ አሉ፤ ነገር ግን የሸክላው የራሱ ሽሽታ ከ16 ቢት ገደብ እጅግ ቀድሞ ስለሚመጣ ምንም አይቀርም። እውነተኛው ጉድለት ማጫወቻው ላይ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ አለመኖሩ ነው። ከፍተኛው ድምፅ −6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን ከኮምፒውተሩ በኩል ቀንሱ። 0 ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም፣ ያነሰው ግን በኋላ ይነሳል። እምም የሚል ድምፅ ከገባ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ቅዱ። ክንዱም በራሱ ስለማይመለስ ዘፈኑ ሲያልቅ አጠገቡ የሚያነሳው ሰው ያስፈልጋል።

መቅጃውን መርፌው ከማረፉ በፊት አስጀምሩ፤ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት መግቢያው ላይ የሚሰማው ሽሽታ በኋላ ለኦዳሲቲ የጫጫታ ማጽጃ ናሙና ይሆናል። ማጽጃውን ከ6 ዴሲቤል በላይ አትግፉት፤ ከዚያ ካለፈ ክራሩም ዋሽንቱም ውሃ ውስጥ የገቡ ይመስላሉ። ሸክላው ሞኖ (በአንድ ቻናል ብቻ የተቀረጸ) ከሆነ እጅግ የሚረዳ ዘዴ አለ፦ በስቴሪዮ ቀድታችሁ ሁለቱን ቻናሎች ወደ አንድ ቀላቅሉ። ሙዚቃው ያለው በመርፌው የጎን እንቅስቃሴ ላይ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች የሚመጣው ጫጫታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አንደኛው የቦዩ ግድግዳ ክፉኛ የተበላ ከሆነ ግን መቀላቀሉን ትታችሁ ደህነኛውን ቻናል ብቻ ውሰዱ። ሁለቱንም አዳምጦ መወሰን ነው።

ያልተነካውን ቅጂ ጥራት ሳይቀንስ በሚያሳንሰው የፋይል ዓይነት፣ በፍላክ፣ አስቀምጡ፤ 5 ደቂቃ የሚሆን ዘፈን ባልታመቀው ዋቭ 50 ሜጋባይት ያህል ሲይዝ በፍላክ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉን ነው። ኤምፒ3 ለስልክ ይሁን። በፋይሉ ስም ላይ የዘፋኙን ስም፣ የአሳታሚውን ስምና ወረቀቱ ላይ የታተመውን ቁጥር ጻፉ፤ የሁለቱንም ገጽ ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ከድምፁ ጋር በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ አኑሩ።